ሁለተኛው ማጥበቅ

ስድስት ወር ሙሉ "ቦራ ጣለኝ" እያልኩ ኖርኩ። ለሐኪሙም ለእናቴም ያልኩት ይህንኑ ነው። የአደጋ ሪፖርቱ ላይ "ፈረሱ በባጃጅ ጥሩምባ በርግጎ" ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምኩበት። ውሸት አልነበረም። ጎደሎ ነበር እንጂ።

እንጀራዬን የማገኘው እንግዶችን በፈረስ በማንሸራሸር ነው። ከሐዋሳ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሎጅ አምስት ፈረሶች አሉን። እኔ ዶዶላ ነው ያደግሁት። እዚያ ሴቱም ወንዱም ገበያ የሚሄደው በፈረስ ነው። ስለዚህ ሥራው ሥራ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ምናልባት ችግሩም እዚያ ጋ ነው የጀመረው።

ፈረስ የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል። ተንኮል ይሁን ልማድ እንጃ። ኮርቻውን በሆዱ ሥር የሚይዘውን ጠፍር ጥርስህን ነክሰህ ብትስበው እንኳ፣ ትንሽ ሲራመድ ትንፋሹን ይለቅና ጠፍሩ ይላላል። ስለዚህ ሁለቴ ነው የሚጠበቀው። አንዴ ጋጣው ውስጥ፣ አንዴ ግቢው በር ላይ።

ታኅሣሥ 18 ነበር። የሐዋሳ ገብርኤል ዋዜማ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ነጭ የለበሰ ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ አልጋ ይጠፋል፣ ባጃጅ መንገዱን ይሞላዋል። እኛም ጋ ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ ነው። አራት እንግዳ ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። አንዷ ፎቶ አንሺኝ ትላለች፣ አንዱ ሰዓቱን ያያል። የአራቱንም ጠፍር አጠበቅሁ። የራሴን ተውኩት። ቦራ ላይ ዘልዬ ወጣሁና ሄድን።

አስፋልቱን ስናቋርጥ ባጃጅ ከኋላ መጣ። የፈረስ ዓይን በግራና በቀኝ ስለሆነ ዙሪያውን ያያል ማለት ይቻላል። ልክ ከጭራው ጀርባ ያለውን ግን አያይም። ባጃጁ እዚያችው ቦታ ላይ ሆኖ ጥሩምባውን አንባረቀው። ቦራ ወደ ጎን ዘለለ። ያን ያህል የሚያስደነግጥ ዝላይ አልነበረም፤ ከዚያ የባሰ ብዙ ቀምሻለሁ። ኮርቻው ግን ከነእኔ ዞረ። ሰማዩን አየሁ፣ ቀጥሎ የቦራን ሆድ አየሁ፣ ቀጥሎ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። እንጨቱ የኔ እግር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የግራ ቅልጥሜ ነው። ብረት ገባበት። አክስቴ "ወጌሻ ጋ እንውሰዳት" ብላ ነበር፤ እናቴ በፍጹም አለች። በጣም ጠብቆ ታስሮበት፣ ደም አጥቶ እግሩ የተቆረጠ የጎረቤት ልጅ ታውቃለች። ጭንቅላቴን ደግሞ ሄልሜቱ አተረፈው። የቀረው አልጋ፣ ክራንች፣ ፊዚዮቴራፒ ነው። እሱን ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ያላየም አይየው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሐኪሙ "አጥንቱ ይዟል፣ ሥራ ጀምሪ" አለኝ። አጥንቱ ይዟል። ልቤ ግን አልያዘም።

በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እኔም የፈረስ ስም አገኘሁ፤ ወጥ ቤቱ ሁሉ "ቦራ የጣላት" ይለኝ ጀመር። እስቃለሁ። ከዚያ እንግዶቹን ፈረስ ላይ አስቀምጬ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። "ሐኪም እግርሽን አፍታቺ ብሎኛል" እላለሁ። ሐኪም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። እርካብ ሲንኳኳ እንኳ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ይላወሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ!

ቦራ ጋጣው ጥግ ታስሮ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማንም አልተጫነበትም። ሥራ አስኪያጃችን ለአንድ ባለጋሪ ሊሸጠው ተነጋግሮ ጨርሷል። "ሰው የጣለ ፈረስ ላይ እንግዳ አላስቀምጥም" አለኝ። ስለ እኔ ብሎ ነው እንግዲህ። ምን እላለሁ? ዝም አልኩ።

ፈረሶቹን የሚንከባከቡት አንድ የአርሲ አዛውንት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ማታ ቦራ አጠገብ ቆሜ አዩኝ። አጠገብ ስል ሁለት ሜትር ርቄ ነው።

"እስቲ እጅሽን ወዲህ በይ" አሉ።

ጣቶቼን ይዘው ቦራ መንጋጋ ሥር አስቀመጧቸው። ቆዳው ይሞቃል። እዚያ ውስጥ እንደ ሲባጎ የምትንከባለል ነገር አለች፤ ደም ሥሩ ናት። ስትነኳት መጀመሪያ ትጠፋለች፣ ትንሽ ስትታገሱ ቱክ ትላለች። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ቱክ።

"ቁጠሪ።"

ሞባይሌን አውጥቼ 15 ሰከንድ ያዝኩ። ዘጠኝ ጊዜ መታች። በደቂቃ 36 ማለት ነው። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የሚመታው። ቦራ ሰላም ነው።

"አሁን ደግሞ የራስሽን።"

አንገቴ ላይ ያዝኩ። በ15 ሰከንድ ሠላሳ። በደቂቃ 120! ገና መሬት ላይ ቆሜ እኮ ነው።

"እና ማነው አስፈሪው?" አሉ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ነው የጣለኝ።"

ድርቆሹን በመንሽ ማገላበጥ ጀመሩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "የዚያን ቀን ኮርቻውን ያወለቅሁለት እኔ ነኝ" አሉ። "ሆዱ ሥር ነበር።"

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስድስት ወር ያውቁ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቦራ ጣለኝ ካልኩ፣ ነገም ሊጥለኝ ይችላል፤ መቼና ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጠፍር ሳላጠብቅ ወደቅሁ ካልኩ ግን፣ ጠፍር በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ያሳፍራል፣ ግን በእጅ ይያዛል። ለካ ያን ያህል ጊዜ እፍረቱን ለማምለጥ ብዬ ፍርሃቱን ነበር የምቀልበው።

እፍረት ብቻም አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ደመወዜም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በቁጥር 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ሥራ ላይ ተጎድቶ የተኛ ሰው መጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፣ ቀጥሎ ያለውን ሦስት ወር ደግሞ 75 በመቶውን። "ጥፋቱ የራስሽ ነው፣ መልሺ" ቢሉኝስ ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት።

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁና "ሪፖርቱ ላይ የጎደለ ነገር አለ" አልኩት። ነገርኩት። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። ብር መልሺ አላለኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ሰጠኝ፤ አልተከራከርኩም። በዚያው ቀን ማንኛውም ፈረስ በሩን ከማለፉ በፊት ጠፍሩን ሌላ ሰው እንዲያይ የሚል ወረቀት ለጠፈ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ በቃል ነበር የሚባለው።

"ቦራስ?" አልኩት።

"የሚጋልበው ካለ ይቆያል። ቆሞ የሚበላ ፈረስ መቀለብ አልችልም። ለሐምሌ 19 ገብርኤል ካልደረሰ ይሸጣል።"

ስድስት ሳምንት።

መጀመሪያ ብሩሽ ብቻ። ጋማው እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተያይዞ ስለነበር እሱን ስፈታ ሦስት ቀን ሄደ። ከዚያ መውጣት። ፈረስ ላይ በግራ በኩል ነው የምንወጣው፤ እርካብ ላይ ገብቶ ክብደቱን የሚሸከመው ያው የተሰበረው እግር ነው። ጋሼ የድንጋይ መውጫ ደረደሩልኝ። ወጣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ወረድኩ። በቃ፤ የዚያን ቀን ሥራ ያ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እሳቸው ልጓሙን ይዘው ግቢውን አዞሩኝ። "ጮክ ብለሽ ቁጠሪ" ይላሉ። የፈራ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ እየጮኸ የሚቆጥር ሰው ግን መተንፈሱ አይቀርም። የሎጁ አትክልተኛ አብዳለች ሳይል አልቀረም።

እየተሻለኝ ብቻ አልሄደም። አንድ ቀን ሶምሶማ ሲጀምር እጄ ልጓሙን ጨምድዶ አልለቅም አለ። ቦራ አፉን ስላመመው አንገቱን ወረወረ። ወረድኩና መኖ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ወደ ብሩሹ ተመለስን።

የመጨረሻው ባጃጁ ነበር። አንዱን የሰፈር ባለባጃጅ ለመንነው። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ፣ ቦራ መጥቶ አሸተተው። በሌላ ቀን ሞተሩን አስነሥቶ ቆመ። ከዚያ ከሩቅ ጥሩምባ፣ ከዚያ ቀረብ አድርጎ። ቦራ በቆመ ቁጥር ጋሼ አንድ እፍኝ ገብስ ይሰጡታል። ልጁ ብሩን ሲቀበል፣ "ሰው በጥሩምባ ሲሰድበኝ ነው የኖርኩት፣ ዛሬ ተከፈለኝ!" ብሎ አሳቀን።

ሐምሌ 19 ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ እንግዳው ግን እንደ ታኅሣሡ ነው። አራት ሰው አስቀመጥኩ። ቦራን እየሳብኩ በሩ ጋ ደረስኩ። የአራቱን ጠፍር አየሁ። ከኋላዬ አንዱ ሰውዬ፣ "እህቴ፣ መሸ እኮ! አንሄድም እንዴ?" አለኝ።

መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። የቦራ አንድ ጆሮ ወደ ኋላ ዞረና ተመለሰ።

"አንድ ደቂቃ" አልኩት። የኮርቻውን ክንፍ አነሳሁ። ጋሼ ሊያዩልኝ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጠፍሩን ሳብኩ። ሁለት ቀዳዳ ገባ።