አባቴ አውሳ የሚላት ከተማ

ትናንት ሰኞ ነበር፤ የባቲ ገበያ። ከአባቴ ጋር ግመል ተራ ሄድን። ድሮ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አፋሮቹ ካገኙት ቶሎ አይለቁትም። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ከብቱ እንዴት ከረመ፣ መንገዱስ ሰላም ነው ወይ እየተባባሉ ፀሐዩ አናት ላይ ይወጣል። የትናንቱ ሰውዬ ከአሳይታ ነው የመጣው። አባቴ ግን አሳይታ አይልም። በአገሩ ስም አውሳ ነው የሚላት።

እኔ ስለዚያ አገር ትምህርት ቤት የተማርኩት አንድ ነገር ነው። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ ይጠፋል። በቃ። ጠፋ ሲሉን እዚያ ምንም የሌለ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ውሃው አቤ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በረሃውን አርሶ ስንት ትውልድ አኑሯል! የሐረር ኢማሞች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1577 መቀመጫቸውን ያዛወሩት ወደ አውሳ ነው። ኋላ ሙዳይቶ የሚባሉት አፋሮች የራሳቸውን ሱልጣኔት አቆሙበት።

ከሁሉ የከነከነኝ በእኛ አቆጣጠር የ1868ቱ ነው። ኅዳር ላይ የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ እንደተመታ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈተና ላይም ይመጣ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን በታጁራ ወደብ በኩል የገባ ሌላ የግብፅ ጦር ነበር። አዛዡ ሙንዚንገር የሚባል የስዊዝ ሰው ነው። አውሳ ሲደርስ አፋሮች ሌሊት ወረዱበት፤ እሱም እዚያው ሞተ። ይህን እንዴት አንድም አስተማሪ ሳይነግረን አደግን? ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም እኮ። በንጉሡ ጊዜ አውሳ ራሷ የወሎ አውራጃ ነበረች፣ ከደሴ የምትተዳደር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን ስለ ከተማዋ ጠየቅኩት። ስለ ጦርነቱ ብዙም አላወራም። ያወራልኝ ተንዳሆ ጥጥ ሊጭን ሲወርድ ስለሚያድርበት ሌሊት ነው፤ ቤት ውስጥ በሙቀቱ መተኛት ስለማይቻል ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ፣ ኮከብ እያየ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተኝቶ እያወራ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ።

ዛሬ ጠዋት ደብተር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከየት ልጀምርልህ?» አለኝ።

«ወደ አውሳ ከሚወስደው መገንጠያ» አልኩት።