የማክሰኞ ማታው ስብሰባ፦ በላየንስ ክለብ አባልነቴ ያየሁት

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች መግቢያ ላይ፣ የከተማው ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ አጠገብ፣ የልዩ ልዩ ማኅበራት ክብ ክብ ምልክቶች ተሰቅለው ይታያሉ። ከእነርሱም አንዱ ግራና ቀኝ የሚመለከቱ ሁለት የአንበሳ ራሶች ያሉበት፣ ላየንስ ክለብ የሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ምልክት ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍን ምንነቱን ሳንጠይቅ እንኖራለን። እኔም ክለቡን ያወቅሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማክሰኞ ማታ እንግዳዬ ሆነህ ና» ብሎ ከጋበዘኝ በኋላ ነው። ዛሬ አባል ነኝ፤ ቃለ ጉባኤውንም የምይዘው እኔ ነኝ። ስለ በጎ አድራጎት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ስለተረዳው ሰው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ስብሰባው ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ክለባችን የሚሰበሰበው በወሩ ሁለተኛና አራተኛ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ፕሬዚዳንቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደወል በትንሽ የእንጨት መዶሻ ይመታሉ፤ ሁላችንም ተነሥተን የሰንደቅ ዓላማው ቃል ኪዳን ከተባለ በኋላ ራት ይቀርባል፤ ሥራው ግን ራቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ የገንዘብ ያዥ ሪፖርት ይሰማል፣ ኮሚቴዎች የሠሩትን ይናገራሉ፣ በእንጥልጥል የቀረው ጉዳይ ይነሣል፣ ከዚያም አዲስ ጉዳይ ይቀርባል። አንድ አባል የውሳኔ ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላ አባል «እደግፋለሁ» ካላለ ሐሳቡ ለውይይት እንኳን አይበቃም፤ ከተደገፈ በኋላም እጅ አውጥቶ የሚናገር ሰው ስለዚያው ጉዳይ ብቻ ነው መናገር ያለበት። በሰፊ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ በሰላምታና በቅሬታ ብቻ አልቆ ሲበተን ለኖርን ሰዎች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አምስትና ስድስት ጉዳይ ተወስኖ ወደ ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ስብሰባው እንዳይደርቅ የሚያደርግም ሹም አለ፤ «ቴይል ትዊስተር» ይባላል። ሥራው እያሳቀ ቅጣት መሰብሰብ ነው፤ የደረት ምልክቱን ያላደረገ፣ ስልኩ የጮኸበት፣ ወይም ፎቶው በአካባቢው ጋዜጣ ላይ የወጣ አባል ዶላር ያወጣል። ደንቡ እርሱንም አልረሳውም፤ ቴይል ትዊስተሩን መቅጣት የሚቻለው በስብሰባው የተገኙት አባላት በሙሉ ድምፅ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ የእኛው ሹም እስካሁን አምልጧል፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ወዳጅ አያጣም።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆየ ታሪክ አለው። ማኅበሩ የተጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 በቺካጎ ሲሆን፣ አነሣሹ ሜልቪን ጆንስ የሚባል የኢንሹራንስ ሰው ነበር፤ በዚያ ዘመን የነጋዴዎች ክለቦች በአብዛኛው አባላት እርስ በርስ ለመጠቃቀም የሚሰባሰቡባቸው ስለነበሩ፣ ይህን አቅም ለከተማው ሕዝብ ጥቅም ማዋል ይቻላል የሚል ሐሳብ አመጣ። በ1925 ማየትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊት ደራሲ ሔለን ኬለር በኦሃዮ በተደረገው ጉባኤ ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ አባላቱን ከተማጸነች ወዲህ ዓይን የማኅበሩ ዋና ሥራ ሆነ። ዓይነ ስውራን የሚይዙት ነጭ በትር በአሜሪካ እንዲስፋፋ ካደረጉት መካከልም በ1930 በኢሊኖይ ግዛት የፒዮሪያ ከተማ ላየንስ ይገኙበታል። ሴቶች በአባልነት የተፈቀደላቸው ግን በ1987 ነው፤ ዛሬ የእኛን ደወል የሚመቱት ሴት መሆናቸውን ሳይ ይህ ዓመት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይገርመኛል።

ከደንቡ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከማኅበሩ ዓላማዎች በአንዱ ላይ የተጻፈው ነው፤ አባላት ሕዝብን በሚመለከት በማንኛውም ጉዳይ ላይ በነፃነት ይወያያሉ፤ ነገር ግን በፓርቲ ፖለቲካና በሃይማኖት ልዩነት ላይ አይከራከሩም። በስደት ያሉ ማኅበሮቻችን በምን ምክንያት ለሁለትና ለሦስት እንደተከፈሉ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አንቀጽ ለምን ልቤን እንደነካው ይገባዋል። በምርጫ ሰሞን ከአባሎቻችን ሁለቱ በየግቢያቸው የተቃራኒ ዕጩዎችን ሰሌዳ ተክለው ነበር፤ በዚያው ቅዳሜ ክለቡ ተረክቦ በሚያጸዳው አውራ ጎዳና ዳር፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሰው፣ አንዱ የቆሻሻ ከረጢቱን አፍ ሲከፍት ሌላው ጠርሙስና ጣሳ ሲጨምር አይቻለሁ። ልባቸው አንድ ሆኗል ማለቴ አይደለም፤ አንዳቸውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። ከረጢቱ ግን ሞላ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ክለቡ ሁለት ሒሳብ አለው፤ አንዱ የአባላት መዋጮና የቴይል ትዊስተሩ ቅጣት የሚገባበት የአስተዳደር ሒሳብ ሲሆን፣ ሌላው ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚቀመጥበት የአገልግሎት ሒሳብ ነው። ከሕዝብ የመጣው ወደ ሕዝብ ይመለሳል እንጂ ለክለቡ ወጪ አይነካም። በአንድ የጸደይ ወቅት ለገቢ ማሰባሰቢያ ባዘጋጀነው የፓንኬክ ቁርስ ከተጠበቀው በላይ ገንዘብ ስለተገኘ፣ አንድ አባል ያረጀው የክለቡ ሰንደቅ በዚያ ገንዘብ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ወዲያውም ተደገፈ። የገንዘብ ያዣችን በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መዝገባቸውን ገልጠው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ያ ቁርስ የበላው ሰው የከፈለው ለልጆች መነጽር ነው ብለን ነግረነው ነው» አሉ። ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ወዲያው ሐሳቡን አነሣ፤ ማንም አላኮረፈ፤ ለሰንደቁ የሚሆን ገንዘብ እዚያው ባርኔጣ እየዞረ ከየኪሳችን ወጣ። በቃለ ጉባኤው ላይ ይህ ሁሉ ሦስት መስመር ብቻ ነው የያዘው።

ከሥራዎቻችን ሁሉ ብዙ ጊዜዬን የሚወስደው በመዋዕለ ሕፃናት የምናደርገው የዓይን ልየታ ነው። መሣሪያው ትልቅ ካሜራ ይመስላል፤ ክፍሉ ደብዘዝ ይደረግና ሕፃኑ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ መሣሪያው ትኩረቱን ለመሳብ መብራት እያብለጨለጨ እንደ ወፍ ይንጫጫል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሁለቱን ዓይኖች ልኬት ለየብቻ ያወጣል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ በሽታም አንናገርም፤ የምንለው «ልኬቱ ደኅና ነው» ወይም «የዓይን ሐኪም ይየው» ብቻ ነው። ልየታው በዚህ ዕድሜ የሚደረግበት ምክንያት አለው፤ አንዱ ዓይን ደክሞ ሌላው ጤነኛ ሲሆን አንጎል በጤነኛው ብቻ መጠቀምን ይለምዳል፤ ይህ አምብሊዮፒያ የሚባለው ችግር በልጅነት ካልታከመ በኋላ ማቃናቱ እጅግ ከባድ ይሆናል። ሕፃኑ ግን አያማርርም፤ በሁለት ዓይን ማየት ምን እንደሚመስል በምን ያውቀዋል?

አንድ ጊዜ ሐኪም እንዲያያት የተባለች ልጅ አባት የአገራችን ሰው ሆኖ ስለተገኘ ደብዳቤውን እንዳስረዳው ተጠየቅሁ። ስደውልለት «ወንድሜ፣ ልጄ ምንም አልሆነችም፤ ቴሌቪዥን ታያለች እኮ» አለኝ። አንዷን ዓይኗን በእጅህ ሸፍነህ ሞክራት፣ ከዚያም ሌላዋን፣ አልሁት። ማታ መልሶ ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ቀኝ ዓይኗ ሲሸፈን እጁን ለመግፋት እንደታገለች፣ ግራው ሲሸፈን ግን ዝም ብላ እንደተቀመጠች ነገረኝ። ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ክፍያ ነበር፤ ኢንሹራንስ አልነበረውም። ጉዳዩ በሚቀጥለው ማክሰኞ ቀረበ፤ በአሠራራችን የቤተሰብ ስም በስብሰባ ላይ ስለማይጠራ ክለቡ የወሰነው «ለአንዲት ሕፃን የሐኪም ምርመራና መነጽር» በሚል ነበር፤ እኔም እንዲሁ መዘገብሁት። ድምፅ ከሰጡት መካከል ማን እንደሆነች የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም።

በየቤተ መጻሕፍቱ በር ባስቀመጥናቸው ሣጥኖች ያገለገሉ መነጽሮችንም እንሰበስባለን። ሣጥኑ ሲከፈት ከመነጽሩ ጋር ቁልፍ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አንዳንዴም የሰው ደብዳቤ ይወጣል። የተሰባበረውን ለይተን የቀረውን ወደ ማደሻ ማዕከል እንልካለን፤ እዚያ ታጥቦ፣ ኃይሉ በመሣሪያ ተለክቶ፣ በከረጢት ላይ ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጣል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህ ማኅበር እንግዳ አይደለም። ማኅበሩ በ1990 በጀመረው «ሳይትፈርስት» በተባለው መርሐ ግብሩ አማካይነት፣ የኢትዮጵያ ላየንስ ከካርተር ማዕከልና ከጤና መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆነው ትራኮማ የተባለው ዓይን የሚያጠፋ ተላላፊ በሽታ እጅግ በተስፋፋበት በአማራ ክልል ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ ፋይዘር በነፃ የሚሰጠው ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ታድሏል፤ የዐይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚፍቃቸው ሰዎችም ቀዶ ሕክምና አግኝተዋል። ይህን በስብሰባ ላይ ስናገር ዕድሜ ጠገብ አባሎቻችን ለዚያ መርሐ ግብር የሚሆን ገንዘብ ማዋጣታቸውን አስታወሱ፤ የት እንደደረሰ ግን ከአንድ የዚያ አገር ሰው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ክለቡ ችግር የለበትም ማለት አይደለም። አብዛኞቹ አባሎቻችን ጡረታ የወጡ ናቸው፤ በየዓመቱ የምንቀብረው ከምንቀበለው ይበልጣል። እኔ የምጋብዛቸው የአገሬ ልጆች ደግሞ ማክሰኞ ማታ መጋዘን ውስጥ፣ ታክሲ ላይ ወይም የአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ ላይ ናቸው፤ «ደስ ይለኛል፣ ግን ሰዓቱ» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በወር ካሉን ሁለት ስብሰባዎች አንዱ ወደ ቅዳሜ ጠዋት እንዲዛወር የውሳኔ ሐሳብ አቀረብሁ፤ የገንዘብ ያዣችን ደገፉልኝ። ተቃዋሚዎችም አሉ፤ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚውሉበት ቀን ቅዳሜ ብቻ እንደሆነ የተናገሩ አሉ፤ ይህም ቀላል ምክንያት አይደለም። የክለቡ አዲስ የሥራ ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ስለሆነ ውሳኔው ለጁን ስብሰባ ተላልፏል። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ በመሆኔ በዚያ ማታ ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይይዝልኛል።