የጊቤ አቀበትና የጭሱ ሙቀት

ከአዳማ ወደ ጅማ የቡና መፈልፈያ ማሽን በተጎታች ይዤ ወጣሁ። መኪናዬ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት፤ ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባለት ዕቃ፣ የለውም። እኔ አስገጥሜላታለሁ፣ ናፍታ የሚረጨውን ፖምፓም ብዙ እንዲሰጥ ትንሽ አስከፍቻለሁ። ጉልበቷ ጨምሯል። ግን እንዲህ የተነካካ የናፍታ ሞተር የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ከሌለው ጭነት መጎተት የለበትም ባይ ነኝ።

እስከ ወልቂጤ የሚወራ ነገር የለም። ጊቤ ላይ ነው ጉዱ። መንገዱ 1,100 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርድና ድልድዩን እንደተሻገሩ ወደ አበልቲ ሽቅብ ነው። ሙቀቱ የአዳማን ሰው እንኳ ያስመርራል። በአራተኛ ማርሽ ስረግጣት የውሃው ጌጅ ንቅንቅ አላለም። የጭሱ ግን 500፣ 580፣ 650 ዲግሪ እያለ ወጣ። ሦስተኛ አስገባሁና እግሬን ላላ አደረግኩ። ወረደ። ናፍታ ላይ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ካነሰ ጭሱ ይግላል። ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ብዙ አየር ይስባል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። ብዙ ባለሙያዎች ጭሱ ቱርቦው ውስጥ ሳይገባ ሲለካ 700 ዲግሪ አካባቢን ለረጅም አቀበት ጣሪያ ያደርጉታል። ፒስቶን የጭሱን ያህል ባይግልም አሉሚኒየም ነው፤ ንጹህ አሉሚኒየም 660 ላይ ይቀልጣል። የውሃውን ጌጅ ብቻ የሚያምን ሹፌር ነገሩን የሚያውቀው ከረፈደ ነው።

ጅማ በዝናብ ገባሁ። ያደርኩበት ፔንሲዮን ጥበቃ ለመኪናዋ 100 ብር፣ ለተጎታቹ ሌላ 150 ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። አዳማ ቢሆን ሳልከራከር አላድርም ነበር፤ ደክሞኝ ከፈልኩ። ሌሊቱን ደግሞ ከታች ሙዚቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

ጠዋት የጭሱ ጌጅ መዝለል ጀመረ። ጎማ ላስሞላ የቆምኩበት ጎሚስታ ሥራውን ጥሎ፣ በዚያ ጭቃ፣ በእግሩ እየመራ አንድ ኤሌትሪሺያን ጋ አደረሰኝ። ገንዘብ ስሰጠው አልነካም አለ።

ኤሌትሪሺያኑ ልጅ እግር ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጥቁሩን ፕላስተር ላጠው። ከውስጡ ተራ የመብራት ገመድ ወጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ቀጠለው?»

የጭሱን ሙቀት ለጌጁ የሚልከውን ሴንሰር የገጠመልኝ ጋራዥ ነው፤ ገመዱ ሲያጥርበት ያገኘውን ቀጥሎበት። የሴንሰሩ ሁለት ሽቦዎች ከተለያየ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ቅጥያውም የዚያው ዓይነት መሆን አለበት። መዳብ ከቀጠልክበትና መገጣጠሚያው ሞተር አጠገብ ከጋለ፣ ጌጁ የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ስለዚህ የጊቤው 650 ከ700 አልፎ ሊሆን ይችላል። ይህን ሲነግረኝ ላብ ላብ አለኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። መርፌው አለ ብለህ ትተማመናለህ፣ መርፌው ግን ይዋሽሃል።

ልጁ ቅጥያውን ቆርጦ ጣለ። በሌላ ቀዳዳ፣ በአጭሩ መንገድ፣ የሴንሰሩን የራሱን ገመድ ዳሽቦርዱ ድረስ አመጣው። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መርፌው ቀስ እያለ ሲወጣ አብረን አየን። 400 ብር ብቻ ጠየቀኝ። ጨምሬ ሰጠሁት፣ ቡናም አብረን ጠጣን።

ማሽኑን አጋሮ መንገድ ላይ አውርጄ ተመለስኩ። ባዶ ተጎታች ይዤ እንኳ ከጊቤ ወደ ወልቂጤ ስወጣ ጌጁ 600ን ነካ። አናቱ ላይ ቆምኩና 200 እስኪወርድ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኩ፤ በጋለበት ከጠፋ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል። ከሌላ ጭነት በፊት ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያበርድ ኢንተርኩለር አስገባለሁ።