ቅርጫት፣ ዳቦ፣ ቤት

ሉክሶር ላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግሬ ወደ ምዕራቡ ዳር የሄድኩት በጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ሳትከር። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ወደ ነገሥታቱ ሸለቆ ይነዳል። እኔ ግን በመጀመሪያ ማየት የፈለግኩት ዴር ኤል መዲናን ነበር። የነገሥታቱን መቃብር የቆፈሩና በሥዕል ያስጌጡ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የኖሩበት መንደር ነው። ዛሬ የቀሩት አጫጭር የድንጋይ ግድግዳዎች ናቸው።

ከሠራተኞቹ የአንዱ፣ የሴኔጄም መቃብር ከቤቱ አጠገብ ነው። ደረጃው ቁልቁል ነው፣ ጠባብ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ቀና ስል ዙሪያዬ ሁሉ ቢጫ ሆነ። 3,200 ዓመት ግድም ያለፈው ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል። በወዲያኛው ዓለም ማሳ ላይ ሴኔጄም በሬ ጠምዶ ያርሳል። ሚስቱ ኢይኔፈርቲ ነጭ ለብሳ ከኋላው ዘር ትበትናለች።

ግብፃውያኑ በሥዕል ፊደላቸው ለሚስት የሚጽፉትን መጠሪያ አስጎብኚዬ አሳየኝ። ቅርጫት፣ ትንሽዬ ግማሽ ክብ ዳቦ፣ በሩ ክፍት የሆነ ቤት። «ኔቤት ፔር» ይነበባል። ቅርጫቱ «ኔብ» ነው፣ ጌታ ማለት። ዳቦዋ «ት» ናት፤ ስትጨመርበት ሴት ታደርገዋለች። ቤቱ ደግሞ ቤት ነው።

«እመቤት!» አልኩ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ። እመ ቤት፣ የቤት እናት። «ት»ዋም የኛው ናት፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፤ ቅዱስ፣ ቅድስት። የጥንቱ ግብፅኛና የኛ ግዕዝ፣ አማርኛ ከአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ስለሆኑ ነው። በነሱ ወንድም «ሴን»፣ እህት «ሴኔት» ነው። ከ18ኛው ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ባል ሚስቱን «ሴኔት» ይላት ነበር። መኃልየ መኃልይ ላይ «እኅቴ ሙሽራ» የሚለውን ላነበበ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እመቤት ስለተባለች ግን ከጓዳ አትወጣም ማለት አይደለም። ከሁሉ ልቤን የነካችው የዚሁ መንደር ሴት ናውናኽቴ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ገደማ ሸንጎ ፊት ቀርባ ኑዛዜዋን አስጻፈች። ስምንት ልጆች አሳድጋለች። እርጅና ሲጫናት አንዳንዶቹ ዞር ብለው አላዩዋትም። እሷም ከራሴ ንብረት አይወርሱም አለች። የአባታቸውን ድርሻ አልነካችም፤ የራሷን ብቻ። በእጇ የራሷ የሆነ ነገር ያላት እናት እንዲህ መናገር ትችላለች። እዚያው ፍርስራሹ መሀል ቆሜ ብዙ እናቶች ታወሱኝ።

ሌላም ቃል አለ፦ «ሬኸት»፣ አዋቂዋ ማለት ነው። ልክ እኛ «አዋቂ ቤት ሄደች» እንደምንለው። እዚሁ መንደር በድንጋይ ወይም በሸክላ ስባሪ ላይ በተጻፈ አንድ መልእክት፣ ሁለት ልጆች ለምን እንደሞቱ አዋቂዋ ትጠየቅልኝ የሚል ልመና አለ። ስንት ሐዘን ነው በአንድ ስባሪ ላይ!

ከሰዓት በኋላ ወደ ሴቷ ፈርዖን ወደ ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ አለፍን። ምሰሶዎቹ ላይ ያሉት ሐውልቶቿ የንጉሥ ፂም አላቸው። ወንድ ነው ብዬ ላልፍ ነበር። አስጎብኚዬ ግን ጽሑፉን አሳየኝ። ሌሎቹ ፈርዖኖች «የራ ልጅ»፣ የፀሐይ አምላክ ልጅ፣ ሲባሉ ዳክዬና ፀሐይ ይጻፍላቸዋል። የሷ ላይ ዳክዬው አለ፣ ፀሐይዋም አለች። ጠጋ ብዬ አየሁ። መሀላቸው ትንሿ ዳቦ ተቀርጻለች።