የፋይልን ቼክሰም በፓይተን ማስላት

ትልልቅ ፋይሎችን አውርዶ ወይም ከአንዱ ሃርድ ዲስክ ወደ ሌላው ገልብጦ ሳያረጋግጡ መጠቀም አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ለማረጋገጡም ቼክሰምን፣ ማለትም ከፋይሉ ባይቶች ተሰልቶ እንደ አሻራ የሚያገለግልን አጭር ቁጥር፣ የሚያሰሉ ጥቂት የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መስመሮች ይበቃሉ። ከ2.5 ስሪት ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣው ሐሽሊብ የተሰኘ ሞጁል፣ ፋይሉ ትንሽም ይሁን ግዙፍ፣ ኤስኤችኤ-256 በተባለው የቼክሰም ስሌት ስልት ሁልጊዜ 64 የሄክሳዴሲማል ምልክቶች (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) ያሉት ውጤት ይሰጣል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ከስሌቱ ይልቅ አነባበቡ ነው። ፋይሉ መከፈት ያለበት በባይነሪ ሞድ፣ ማለትም «አርቢ» በሚለው ምልክት ነው። በጽሑፍ ሞድ ከተከፈተ ፓይተን ባይቶቹን ወደ ፊደል ይመልሳል፤ ዊንዶውስ በሁለት ባይት የሚጽፈውን የመስመር መጨረሻም ወደ አንድ ስለሚለውጠው፣ ጽሑፉን መልሰን ወደ ባይት ቀይረን ብናሰላው የምናገኘው የሌላ ፋይል ቼክሰም ነው። ቼክሰም የሚያውቀው ባይትን እንጂ ትርጉምን አይደለም። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም፣ ፊደላትን በባይት በሚወክለው ዩቲኤፍ-8 የመጀመሪያዋ ፊደል ካሏት ሦስት ባይቶች ሁለቱ ስለሚለያዩ፣ በዚህች ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰነዶች ፈጽሞ የማይመሳሰል ቼክሰም ይኖራቸዋል።

ብዙ ጊጋባይት የሚሆን ፋይል በአንዴ ሚሞሪ ላይ መጫን አያስፈልግም። አንድ አንድ ሜጋባይት እያነበቡ «አፕዴት» ለተባለው ትእዛዝ በቅደም ተከተል ማቀበል ያው ውጤት ይሰጣል፤ ከ3.11 ስሪት ወዲህ ደግሞ «ፋይል ዳይጀስት» ይህን ራሱ ይሠራዋል። የተለያዩ ፋይሎች ሁሉ በ«ኢ3ቢ0ሲ442» የሚጀምር አንድ ዓይነት ውጤት ከሰጡ ግን ኮዱን መመርመር ይገባል፤ ይህ የባዶ ፋይል ኤስኤችኤ-256 ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ጊዜ ተነቦ ያለቀን ፋይል ወደ መጀመሪያው ሳይመልሱ እንደገና በማንበብ ነው።

ኤምዲ5 የተባለውን ሌላ የቼክሰም ስልት በገለበጣ ጊዜ የደረሰ ጉዳትን ከመለየት ላለፈ ሥራ አልመክርም፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት ኤምዲ5 እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተግባር ታይቷል።

ኤስኤችኤ-256ም ቢሆን የሚያስተማምነው የምናነጻጽርበት ቁጥር ከታመነ ቦታ ሲመጣ ነው። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃ ሊንኩን ወደ ተበከለ ፋይል አዙረውት ነበር፤ ድረ ገጽን እስከዚህ የተቆጣጠረ ሰው እዚያው የተለጠፈውንም ቼክሰም መለወጥ ስለሚችል፣ የቼክሰሙ ዝርዝር ጂፒጂ በተባለው የዲጂታል ፊርማ ፕሮግራም የተፈረመ ከሆነ ከማነጻጸር በፊት ፊርማውን ማረጋገጥ ይቀድማል።