ስኮርት ጎማዬን ከሌባ ሳድን ከራሴ የቆለፍኩበት ታሪክ

ይሄን የምጽፈው ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው፤ ቢነግረኝ ኖሮ 2,800 ብርና አንድ ሌሊት ይተርፈኝ ነበር። ሃይሩፍ ይሁን ዶልፊን፣ ስኮርቱ (ተጠባባቂ ጎማው ማለቴ ነው) ከሆዷ ስር የሚንጠለጠል መኪና ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። እኔ ቶዮታ ሃይኤስ ነው ያለኝ፣ ደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ነው የምሰራው፣ ሰርግና ለቅሶ ሲገኝ ደግሞ ሐይቅም ወልድያም እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ስርቆቱ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤቴ በር ላይ አሳድሬያት ጠዋት ስነሳ ከኋላ በኩል ሰንሰለቷ ብቻ መሬት ተንጠልጥላ አገኘሁ። ጎማው የለም። ያኔ ነው ስራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የገባኝ። ስኮርቱ የሚያዘው በሰንሰለት ነው አይደል፣ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ መፍቻ አስገብተህ ስታዞረው ይወርዳል፣ በቃ። የጎማ መፍቻ የሌለው ሹፌር ደግሞ በዚች አገር የለም። ሌባው ክሪክ አያስፈልገው፣ መስታወት አይሰብር፣ አላርም አይጮህበት። ለሰፈሩ ዘበኛ በየወሩ እከፍላለሁ፣ «ድምፅ አልሰማሁም» አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ ድምፅ የለውም እኮ!

ጣቢያ ሄድኩ። ፖሊሱ ወረቀት አወጣና «መለያው ምንድነው ወንድሜ?» አለኝ። 195 አር 15 ሲ ነው አልኩት። «እሱማ የሁሉም ሃይኤስ ነው፣ ያንተ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ዝም። ምን ልበለው፣ ጥቁር ነው ክብ ነው ልበለው? ተናድጄ ወጣሁ፣ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ነው፣ ግን አሁንም ያናድደኛል፣ አነጋገሩ ራሱ የሰረቅኩት እኔ ነው የሚያስመስል ነበር። ከሳምንት በኋላ ያገለገለ ጎማ የሚሸጥበት ቦታ የኔን ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበትን ብረት) የሚመስል አየሁ፣ ከጎኑ ያለችው ጭረት ራሷ የማውቃት መሰለችኝ፣ ምንም ማለት ግን አልቻልኩም። ጎማ ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምህረቱን የሚናገሩ፣ 2319 ካለ በፈረንጅ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። ከዛ በፊት ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች ጨምሮ በስልኬ አንዴ ፎቶ ባነሳው ኖሮ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር። አላነሳሁም። ዛሬውኑ ውጡና አንሱ፣ ንባቡን እንኳን አቁማችሁ።

አዲስ ጎማ ከነቸርኬው ገዛሁ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጎማ የገዛ ሰው ያውቀዋል፣ ያልገዛ ደግሞ ለምን ይደንግጥ።

አሁን ዋናው ጥፋት ላይ ደረስን። እኔ ነገር ስሰራ ማክረር እወዳለሁ። ብየዳ ቤት ሄጄ «ሌባ አምላኩን ቢጠራ የማይከፍተው ነገር ስራልኝ» አልኩት። በያጁም ወጣት ነው፣ ሰምቶኝ ደስ አለው፣ ከጎማው ስር በመስቀል የሚያልፍ የ14 ፌሮ ሰራልኝ፣ አንዱ ጫፍ ሻንሲው ላይ በማጠፊያ የተያዘ፣ ሌላኛው ጫፍ በትልቅ ጋን ቁልፍ የሚቆለፍ። (ብየዳ ስታስበይዱ የባትሪውን ገመድ አስነቅሉ፣ አለዚያ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል፣ ነዳጅ ታንከሩ የት እንዳለም ለልጁ አሳዩት። ይሄን ቢያንስ አድርጌያለሁ።) ጋን ቁልፉን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፣ ከሱቁ ውድ የተባለውን፣ በእጄ ስይዘው እንደ ድንጋይ የሚከብድ። ባለቤቴ አይታ «ይሄ ለጎማ ነው ለባንክ?» አለችኝ፣ እኔ እኮ ኮራሁ።

ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከስር አየ፣ ፌሮውን በጫማው መታ መታ አደረገና «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው!» ብሎኝ አለፈ። ስኮርት አለ ወይ ነው ጥያቄው፣ አለ። ይወርዳል ወይ፣ ነፋስ አለው ወይ፣ ማንም አልጠየቀ። እኔም አልጠየቅኩም። እኔም!

ሰባት ወር ሙሉ አልነካሁትም። ሌባም አልነካውም፣ በየሰዉ ፊት እያወራሁ ነበር ራሱ፣ መናኸሪያ ላይ ለሹፌሮች እያጎነበስኩ ሳሳይ፣ ሁለቱ እንደኔ አሰርተዋል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ማታ ሞልቼ ተነሳሁ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት ግን ሞቅ ካለው ቦርከና ዳር ተነስተህ የሀረጎን ዳገት ስትወጣ አየሩም ዓለሙም ይለወጣል፣ ታች ሸሚዝ ለብሰህ ላይ ጋቢ ያስፈልግሃል። ጉሙ ደግሞ ነሐሴ ላይ ፊትህ ያለውን መኪና ፍሬቻ ራሱ አያሳይህም። ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላ በግራ ጓ! አለ። ዳር ያዝኩ፣ ረዳቴ ድንጋይ በታኮ ፋንታ ከጎማው ኋላ ሸጎጠ፣ ቅጠል ቆርጦ ከላይና ከታች አስፋልቱ ላይ ጣለ፣ እኔም ተረጋግቼ ለተሳፋሪዎቹ «አስር ደቂቃ ብቻ ታገሱኝ» አልኩ።

አስር ደቂቃ።

ቁልፉን ይዤ ከስር ገባሁ። ጋን ቁልፉ የኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ በሙሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ይባስ ብሎ ቁልፍ ማስገቢያው ወደ ላይ እንዲያይ ነው የተሰራው፣ ማለት ሰባት ወር ሙሉ እንደ ሲኒ አፉን ከፍቶ ጭቃና ውሃ ሲጠጣ ነው የከረመው። በስልኬ መብራት አይቼ በሽቦ ጠረግኩት፣ ቁልፉን አስገባሁ፣ ግማሽ ድረስ ገባ። ዘይት የለኝም። ረዳቴ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ብረት መዝዞ አመጣና ጫፉ ላይ ያለችውን ጠብታ ጠብ አደረገልኝ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ቁልፉ ሙሉ ገባ። አዞርኩት፣ እምቢ። ትንሽ ጨመርኩ። ከዛ እጄ ላይ ቀለል አለኝ፣ ተከፈተ ብዬ «አልሐምዱሊላህ» ያልኩት ወላሂ አሁንም ያሳፍረኛል፣ የቁልፉ ግማሽ እጄ ላይ ነው፣ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል።

ከስር እንደተኛሁ ትንሽ ቆየሁ። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወርዶ በአንገቴ ይገባል፣ ላይ አንዱ «ሹፌር ምን ሆነ?» ይላል። ወጥቼ ድንጋይ አነሳሁና ጋን ቁልፉን መደብደብ ጀመርኩ። በድንጋይ! ያንን ቁልፍ! ሌባ እንዳይሰብረው ነው እኮ የገዛሁት፣ ጥፍሬን ነው የሰበርኩት። ተሳፋሪው አንድ ባንድ መውረድ ጀመረ፣ አንድ ሌላ ሚኒባስ ሲመጣ አስቁመው ሒሳባቸውን መልስልን አሉኝ፣ መለስኩ፣ ምን ክርክር አለው። አንዲት እናት ብቻ ቀሩ፣ ዘንቢላቸውን ታቅፈው «አብሽር ልጄ፣ እኔ መብራቱን እይዝልሃለሁ» አሉና ስልኬን ተቀብለውኝ ዝናብ ላይ ቆሙ። እኔ እናቴ ፊት የተዋረድኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ቅጠሉን አይቶ ቆመ፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚወጣ ነው። ከስር ገብቶ አየና መጀመሪያ ሳቀ። ከዛ ሴጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ አመጣ። ቁልፉን ልቆርጥ ስል «ተው እሱን፣ ጥርሱን ብቻ ነው የምትጨርሰው» አለኝ፣ እውነትም ሞከርኩት መጋዙ እየተንሸራተተ ብረቱን አይነካውም። «ፌሮውን ቁረጥ» አለኝ።

ይሄን ልብ በሉልኝ። ውዱን ቁልፍ የሰቀልኩት ቤት ሲሰራ በሽቦ የሚታሰር ተራ ፌሮ ላይ ነው። ሴጌቶው እንደ ዳቦ አይደለም ግን ይበላዋል፣ እየተፈራረቅን፣ ጭቃ ላይ በጎን ተኝተን፣ ቦታው ጠቦ መጋዙ እንደ ልብ ስለማይሄድ 40 ደቂቃ ፈጀብን። ግራይንደር ያለው ሌባ ደረቅ ቦታ ላይ ሻዩን ሳይጨርስ ይገላግለዋል። የሰራሁት ነገር ያቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ።

አላለቀም። ስኮርቱን በመፍቻ አዙሬ አወረድኩት፣ ሰንሰለቷ እየጮኸች ወረደች፣ ጎማውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ። ነፋስ የለውም! አዲስ ጎማ፣ አንድ ቀን እንኳን አስፋልት ያልረገጠ፣ ሰባት ወር ተሰቅሎ በሆነች ነገር ነፋሱን ጨርሷል፣ ፌሮው ስር ስለሆነ ደግሞ እጅ አስገብቶ ለማየት እንኳን አይመችም ነበር። ሹፌሩ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። ከመኪናው የፍሬን አየር ታንከር የሚገጠም ቱቦ ነበረው፣ ስቦ አምጥቶ ሞላልኝ። ለሻይ ልስጥህ ስለው «ለዛ ለበያጅህ ስጠው» ብሎኝ ሄደ። ደሴ የገባሁት ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ እናትየውን ቤታቸው በር ድረስ አደረስኳቸው፣ ሒሳብ ሊሰጡኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የምከፍላቸው እንጂ።

አሁን ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ፌሮውን አስነቀልኩ። በምትኩ ላስቲክ የለበሰ የብረት ገመድ በቸርኬው ቀዳዳና በመጎተቻው መንጠቆ አሳልፌ በመካከለኛ ጋን ቁልፍ ነው የምዘጋው፣ የቁልፉ አፍ ወደ ታች፣ ከላዩ ከአሮጌ ጎማ የቆረጥኩት ላስቲክ እንደ ጣሪያ ይሸፍነዋል። ግራይንደር ያለው ሰው ይቆርጠዋል፣ አውቃለሁ፣ ይቁረጠው፣ ሰንሰለት አዙሮ የሚሄደውን ግን ያቆመዋል፣ ደሴ ላይ የሚበዛው ደግሞ እሱ ነው። አንዱ ቁልፍ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ነው፣ ሁለተኛው መኪናው ውስጥ የት እንዳለ ረዳቴ ያውቃል። ቤት የተቀመጠ ቁልፍ ሀረጎ ላይ ምን ያደርግልሃል።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ስኮርቱን ሙሉ በሙሉ አወርደዋለሁ፣ መሬት እስኪነካ፣ ነፋስ አያለሁ፣ ቁልፉ ውስጥ ዘይት ጠብ አደርጋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው መጽሐፍም ነፋሱን በየጊዜው እዩ ይላል፣ እሱን ማን ያነበዋል፣ እኔ ከዛ ሌሊት በኋላ ነው ያነበብኩት።

ከመጽሐፉ የምለይበትም አለ። ስኮርት በቦታው ይቀመጥ ይላል፣ እኔ ግን የማላውቀው ከተማ ሳድር አውርጄ ውስጥ አስገብቼ ነው በሩን የምቆልፈው። ከባድ ነው፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ግን እንቅልፍ እተኛለሁ። ጠዋት ሰው ከመጫኔ በፊት ወደ ስር ይመለሳል፣ ምክንያቱም ያልታሰረ ጎማ ሰው መሀል ሆኖ ድንገት ፍሬን ብትይዝ ሰው ይገድላል። ፖርቶ መጋላ ላይ ስቀለው የሚሉኝም አሉ፣ አልሰቅልም፣ ሀረጎን ስትታጠፍ ያ ሁሉ ክብደት ጣሪያ ላይ ሆኖ የሚሰማህን እኔ ሞክሬዋለሁ።

ቸርኬውን ደግሞ ቢጫ ቀባሁት፣ የሕፃናት መጫወቻ ነው የሚመስለው፣ ሹፌሮች ይስቁብኛል። በውስጥ በኩል የሰሌዳዬን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች በብረትና በመዶሻ ነጥብ በነጥብ መታሁበት፣ ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝ ሳልነካ፣ እሱ ከተጎዳ ነፋስ ያስወጣል። ያ ፖሊስ መለያው ምንድነው ካለኝ አሁን መልስ አለኝ። ማታ ሳቆምም የኋላዋን ከግንቡ አስጠግቼ ነው፣ መፍቻ አስገብቶ የሚያዞር ሰው መቆሚያ አያገኝም። ይሄ ነጻ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሰራውም እሱ ይመስለኛል፣ መጀመሪያውኑ ለምን እንዳላሰብኩት ግን እንጃ፣ ግንቡ እኮ ድሮም እዛው ነበር።

የተቆረጠውን ፌሮ ልጥለው ስል ባለቤቴ ተቀበለችኝ። አስጎበጠችና የከሰል ምድጃዋን ታስቀምጥበታለች፣ አይነቃነቅም፣ በያጁ ስራው ጥሩ ነው። ቡና ስንጠጣ በየጊዜው አየዋለሁ።