ቀስ ብላ የምትጮህ ከተማ

ከአትላንታ ኒው ኦርሊንስ በመኪና ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ክሮውባር የሚባል ባንድ ለማየት ብቻዬን ነው የነዳሁት። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ያሉ ጓደኞቼን አብረን እንሂድ ብዬ ለምኜ ነበር። ለአንዱ ሙዚቃውን በስልኬ ከፈትኩለት። ግማሽ ደቂቃ እንኳን አልታገሰም። «ኧረ በማርያም! ሰውዬው አሞታል እኮ፤ ጠበል ውሰዱት» አለኝ።

ሰውዬው ከርክ ዊንድስታይን ነው፤ የክሮውባር ዘፋኝና ጊታሪስት። ክሮውባር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ስላጅ ሜታል የሚጫወት ባንድ ነው። ለማያውቀው ሰው እንዲህ ላስረዳ። የጊታሩ ክር በጣም ላላ ተደርጎ ይቃኛል፤ ድምፁ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ሆድ ውስጥ ይገባል። ከበሮው አይቸኩልም። በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ትንፋሽ ወስዶ የሚመለስ ይመስላል። ዘፋኙ ግን ይጮሃል፤ ያውም የፓንክ ጩኸት። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ብሉዝ አለ፤ ተጎትቶና ተጣሞ የሚወጣ ኖታ።

መንገዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞንትጎመሪ ነዳጅ ቀዳሁ። በ1861 የኮንፌደሬሽኑ (ባርነትን ላለመተው ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች) የመጀመሪያ ዋና ከተማ የነበረችው እሷ ናት። በ1955 ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ብዬ ከአውቶቡስ ወንበሬ አልነሳም ያለችውም እዚያው ነው። ሰዎች «ደቡብ» ሲሉ የትኛውን እንደሚሉ ሁልጊዜ ግራ ይገባኛል። የጥቁር ቆዳ ባለቤት ሆኜ ጆርጂያ ውስጥ ስኖር ጥያቄው ለእኔ የወሬ ማሞቂያ አይደለም።

ኒው ኦርሊንስ ገብቼ መጀመሪያ የሄድኩት መቃብር ቤት ነው። ካናል ጎዳና ላይ ቀዩን የከተማ ባቡር ይዤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ። የመስመሩ ስም ራሱ «መቃብሮች» ነው። ከባቡሩ ስትወርድ ዙሪያህን መቃብር ነው። እዚያ ጥግ ላይ ኦድ ፌሎውስ ሬስት የሚባል አሮጌ መካነ መቃብር አለ። ክሮውባር የ1998 አልበሙን የሰየመው በዚህ ቦታ ነው። ኦድ ፌሎውስ የሚባሉት አባላቱ መዋጮ እያዋጡ የታመመን የሚረዱበት፣ የሞተን የሚቀብሩበት ማኅበር ነው። የእኛው እድር በለው። አጥሩን ይዤ ወደ ውስጥ ሳይ የድንጋዩ ልስን ተልጦ ጡቡ ወጥቷል፣ ከስንጥቁ መሃል ፈርን በቅሏል።

እዚህ ከተማ ሬሳ በአብዛኛው መሬት ውስጥ አይገባም። ከተማዋ ረግረግ ላይ ስለሆነች ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል፤ ከፈረንሳይና ከስፔን የወረሱት ልማድም አለበት። ከመሬት በላይ በተገነባ ቤት ውስጥ ያኖሩታል። የበጋው ሙቀት ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል። ልማዱ እንደሚለው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላ ይከፈታል፣ አፅሙ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቦታው ለሚቀጥለው የቤተሰብ አባል ይለቀቃል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በመጨረሻ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይደባለቃሉ።

ይህን ካየሁ በኋላ ሙዚቃው ለምን እንዲህ ቀስ እንደሚል የገባኝ መሰለኝ። ኒው ኦርሊንስ በዝግታ ማዘን ከሜታል በፊት ታውቅበታለች። የናስ ባንዱ አስከሬን አጅቦ ሲሄድ እግሩን እየጎተተ ሙሾ ያወርዳል። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ምቱ ይፈጥናል፣ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ሕዝቡ ይጨፍራል። የክሮውባርም ዘፈኖች ብዙ ጊዜ እየተጎተቱ ሄደው ሄደው ድንገት ይፈጥናሉ። ባንዱ ይህን አስቦበት ያደርገዋል እያልኩ አይደለም። ዝግታውማ ከሌላ አገር ነው የመጣው። የሜታል ባንዱ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም (የአላባማዋ ሳትሆን የእንግሊዟ) ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቶ፣ በኋላ ላይ እንዲቀለው ክሩን አላላ። ፓንኩን ያዘገዩት ሜልቪንስ የሚባሉት ባንድ ደግሞ ከዋሽንግተን ግዛት፣ ከአሜሪካ ሌላኛው ጫፍ ናቸው። ስለዚህ «የደቡብ ሙዚቃ» የሚባለው የእንግሊዝ ብረት ሠራተኛ፣ የሰሜን ምዕራብ ፓንክና የሚሲሲፒ ጥቁር ገበሬ ብሉዝ ድምር ነው። ቀስ የሚለውን ነገር ግን እዚህ ሲደርስ ሰዉ ወዲያው የራሱ አደረገው፤ እንግዳ አልሆነበትም።

ማታ ክለቡ በር ላይ ስደርስ ላብ ጀርባዬን ይዞታል። ውስጡ ጠባብና ጨለማ ነው። ቢራ የምትቀዳው ሴትዮ «ምን ልስጥህ ቤቢ?» አለችኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ቤቢ ነው፤ ፖሊሱም ቄሱም። ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥኩት የፕላስቲክ ብርጭቆ ውስጥ ቢራው ይንቀጠቀጣል። ገና ማንም አልተጫወተም፤ የቤዝ ማጉያውን እየሞከሩ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሙዚቀኛ ሳይሆን ቲሸርት ነው። የኮንፌደሬሽኑን ባንዲራ እየፈለግኩ ነበር። ምክንያት አለኝ። ዊንድስታይን ራሱ ዳውን የሚባል ባንድ ውስጥ ከዘፋኙ ፊል አንሴልሞ ጋር ሠርቷል። አንሴልሞ በ2016 ሆሊዉድ ውስጥ መድረክ ላይ የናዚ ሰላምታ ሰጥቶ «ነጭ ኃይል» ብሎ ጮኸ፤ ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ። የድሮው የደቡብ ሜታል ፖስተርና ቲሸርት ላይ ያ ባንዲራ ብርቅ አልነበረም። «ቅርሳችን ነው እንጂ ጥላቻ አይደለም» የሚለውን ክርክር ስንቴ ሰምቼዋለሁ። አልተዋጠልኝም፣ አሁንም አይዋጥልኝም። ከተማዋ ራሷ የኮንፌደሬሽኑን ጦር የመራውን የጄኔራል ሊን ሐውልት በ2017 አውርዳለች፤ አደባባዩ አሁን ሃርመኒ ሰርክል ነው የሚባለው።

ባንዲራውን አላየሁም። ያየሁት ሁሉ የከተማዋ ምልክት የሆነው የፈረንሳዮቹ አበባ ነው፤ ፍለር ደ ሊ። ኮፍያ ላይ፣ ክንድ ላይ፣ አንዱ አንገት ላይ ተነቅሷል። (እሱም ታሪኩ ንጹህ አይደለም። በፈረንሳይ ዘመን ያመለጠ ባሪያ በእሱ ምልክት ይተኮስ ነበር። ግን ዛሬ ጥቁሩም ነጩም እኩል የሚለብሰው ሌላ ምልክት ከተማዋ ያላት አይመስለኝም።)

ከዚያ ክሮውባር ወጣ። ዊንድስታይን ጢሙን አንዴ ዳበስ አድርጎ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ከአጠገቤ የቆመው ሰውዬ ዓይኑን ጨፈነ። ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ክንዱ እንደ ግንድ የወፈረ ነው። ጭንቅላቱን ቀስ እያደረገ ይነቀንቃል። የሚጋፋ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰዉ እንደ ከባድ ዕቃ ተሸካሚ ጎንበስ ቀና ይላል። በአንዱ ዘፈን ላይ ሁሉም አብሮ ሲጮህ ግድግዳውን በእጄ ነካሁት፤ ይንቀጠቀጣል። እኔም ጮህኩ። ግጥሙን የማውቀው ግማሹን ነው፣ ግድ አልሰጠኝም።

በእረፍት ላይ ሰውዬው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። አትላንታ አልኩት።

«አትላንታ ደቡብ አይደለችም፤ ኤርፖርት ናት» አለ።

አንተስ ስለው ኒው ኦርሊንስ አላለኝም። «ቻልሜት» አለኝ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የምትገኝ ሰፈር ናት። እዚህ ሰው ሲተዋወቅ የሚጠይቀው «የት ተማርክ?» ብሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ማለቱ አይደለም፣ ሁለተኛ ደረጃ። ከመልስህ ሰፈርህን፣ ሃይማኖትህን፣ የአባትህን ኪስ ያውቃል። አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ «የት ሰፈር ነህ?» ሲባል ያደግኩ ሰው ነኝና ደስ አለኝ። «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ አገራችን ውስጥ ከከበደ ቆይቷል። ሰፈር መጠየቅ ግን አሁንም ቀላል ነው። መርካቶ ካልክ መርካቶ ነህ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቀልድ ነው።

በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ 80 በመቶ የሚሆነው ኒው ኦርሊንስ በውሃ ተሸፈነ። ቻልሜት ላይ ደግሞ ጎርፉ የነዳጅ ማጣሪያ ታንከር አነሳና ከ1 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ድፍድፍ ዘይት መንደሩ ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው የናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ዘይቱ ያሰመረውን ጥቁር መስመር በእጁ ደረቱ ላይ አሳየኝ። «እስከዚህ» አለ። ከዚያ ስለ ደቡብ ያወራው ነገር የለም። ያወራው ስለ ጎረቤቶቹ ነው፤ ማን እንደተመለሰ፣ ማን ሂውስተን እንደቀረ። ባንዶቹንም እንደ ጎረቤት ነው የሚቆጥራቸው። አይሄትጎድ የሚባል ሌላ ባንድ አለ፤ ጂሚ ባወር እዚያ ጊታር ይመታል፣ ዳውን ውስጥ ከበሮ ይመታል። ሁሉም የሁሉም ባንድ ውስጥ አለ። (አይሄትጎድ ሲነበብ «እግዚአብሔርን እጠላለሁ» ነው፤ ለእናቴ ተርጉሜ የምነግራት ቀን አይመጣም።)

ይህን ሲል ከኋላችን የቆመች ሴት ገባችበት። «ይቅርታ፣ ግን ምርጡ ስላጅ ከኒው ኦርሊንስ አልወጣም፤ ከሆማ ነው» አለች። ሆማ ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎሜትር ያህል ርቃ ረግረጉ መሃል ያለች ከተማ ናት፤ አሲድ ባዝ የሚባሉት ባንድ የወጡት ከዚያ ነው። በ1997 የቤዝ ተጫዋቻቸውን ሰካራም ሹፌር ገጭቶ ሲገድለው ባንዱ ፈረሰ፤ በ2025 እንደገና ተሰባሰቡ። ሴትየዋ ያን ጊዜ አልቅሻለሁ አለች። ቀጥላ ስለ መሬቱ አወራች። ሉዊዚያና ከ1930ዎቹ ወዲህ 4,800 ስኩዌር ኪሎሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ አጥታለች። ግድቡ የወንዙን ደለል አስቀርቷል፣ የነዳጅ ኩባንያዎች የቆፈሩት ቦይ ጨው ውሃ አስገብቷል። አያቷ ከብት ያሰማራበት የነበረው ቦታ አሁን ዓሣ የሚጠመድበት ነው። ካርታው ላይ ግን መሬት ተብሎ ይታያል አለች፤ እየሳቀች።

«ቻልሜትም እኮ እየሰመጠች ነው» አላት ሰውዬው፤ እንደ መፎካከር።

«የእናንተ ግድብ አለው!»

«ግድቡማ በካትሪና አየነው!»

የመጨረሻው ባንድ ጀምሮ እንኳን አላቆሙም፤ አንዱ በሌላው ጆሮ እየጮኹ ነበር። እኔ ሁለቱንም ተሰናብቼ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ ጥግ ላይ ካለው መደብር የተጠበሰ ሽሪምፕ ያለበት ፖ ቦይ ሳንዱች ለመግዛት ወጣሁ። ሻጩ ዓረብኛ ቅላፄ አለው። የት ነህ አላልኩትም። እሱ ግን አየኝና «ሐበሻ?» አለኝ፤ ቃሪያም ጨመረልኝ።